የአባቴ ሞተር ራጂዎች

አባቴን ስትሮክ ከመታው በኋላ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አንደበቱም ተያዘ። ለቡ መብራት ኃይል ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ይውላል። ፊት ለፊቱ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ የተመላለሰባት ሞተር ሳይክሉ ቆማለች። ሐኪሙ «የሚወዱትን ነገር አሳዩአቸው፣ አሰሙአቸው፤ አንድ ቃል ከወጣቸው ሌላው ይከተላል» አለን። እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ነበርና ሞተሯን ላጸዳ ተነሣሁ።

ከሞተሯ ደግሞ ራጂዎቿን መረጥኩ፤ እነዚያን ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙ ቀጫጭን ሽቦዎች። አባቴ ሌላውን ሁሉ ለመካኒክ ይተዋል፣ ራጂ ግን ከእኔ በቀር ለማንም አያስነካም ነበር። ከታመመ ወዲህ ክረምት አልፎባቸው ክፉኛ ዝገዋል። ዝገት ስል ቀይ አቧራ እንዳይመስላችሁ፤ አብጦ፣ ተቆልሎ፣ በጥፍር ሲነኩት እየተላጠ የሚወርድ ነው። በአሮጌ ጣሳ ነጭ ጋዝ ቀዳሁ፣ በጥርስ ብሩሽ አራስኳቸው፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን በራጂው ዙሪያ ጠቅልዬ ላይ ታች ማለት ጀመርኩ። ጣቴ ተላጠ። ዝገቱ ሲለቅ ብረቱ ፈንጣጣ እንደነካው ፊት ጎድጉዶ ወጣ። አብሮ አደጌ የሆነው ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ፣

«እንዴ፣ ጋራዥ ከፈትሽ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ምላስም እናጸዳለን፣ ያንተን ይዘህ ና» አልኩት። ተናዶ ሲሄድ ደስ አለኝ። ያን ሰሞን ደስ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ጨርሼ የወለወልኳቸውን፣ አባቴ ያደርግ እንደነበረው፣ በሻይ ማንኪያ መታ መታ አደርጋለሁ። የጠበቀ ራጂ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላ ድምፁ ድፍን ነው። አባቴ ድሮ እኔ ስመታ ጀርባውን ሰጥቶ ሻዩን እየጠጣ፣ «እሱን አጥብቂው» ይለኝ ነበር። አሁን ሆን ብዬ የላላውን እየደጋገምኩ መታሁ።

«አባዬ፣ ይኼስ?»

ዓይኑ ከማንኪያው ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ በሩ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። እናቴ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

ቅዳሜ ከሰዓት የኋላ ጎማውን ላወልቅ አስቤ መፍቻ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ በረኪና ሸተተኝ። እናቴ ከጎማው ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቃ፣ ገና ባጸዳኋቸው ራጂዎች ላይ ታንቆረቁራለች።

«እማዬ! ምን ሆነሻል? ብረት ይበላል እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ለእናቴ በረኪና የማያነጻው ነገር የለም። በሙሽርነቷ ጊዜ ባሏን ላስደስት ብላ ራጂዎቹን በበረኪና አጥባለት፣ ጠዋት ተነሥቶ ሲያያቸው ሰፈሩን በቁጣ አናግቶታል። ያ ቁጣ በየበዓሉ የምንስቅበት የቤታችን ጨዋታ ነበር። እናቴ ድምፁን እያስመሰለች ትተርከዋለች፣ እሱም ሳቁ እያመለጠው እንደ አዲስ ይቆጣል።

አሁን ግን ዞር ብላም አላየችኝ። የምታየው እሱን ነበር። ጠርሙሱን አንጠፍጥፋ ጨረሰችና ባዶውን ፊቱ ላይ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ በረኪና ነው እኮ! አታየኝም? ኧረ ተቆጣኝ!»

አባቴ አያት። በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለላት፤ ለማናውቀው እንግዳ የምናሳየው ዓይነት ፈገግታ ነው። ያን ሳይ ተስፋዬ ተቆረጠ። ቡናማ የሆነው ውሃ በሲሚንቶው ላይ ወርዶ እግሩ ሥር ደረሰ። ደህናውን እግሩን አነሣ፣ ሌላው ካልሲው እየራሰ እዚያው ቀረ።

በረኪናው ብረቱን ሳይበላው ላለቀልቀው በባልዲ ውሃ ይዤ መጣሁ። እናቴ ተንበርክካ እርጡቡን ካልሲ እያወለቀችለት ነበር።

«ተይው» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ለማን ብለሽ ነው?»