የሙሽራዋ እናት ደጅ የቀረችበት ሠርግ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ታወራለች፤ ስትናደድ የስፌት መኪናዋን መርገጫ እንደ ጠላት ነው የምትረግጠው። ሰሞኑን መርገጫው እረፍት አላገኘም። አብሬያት ስለምሠራ ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ። እኔም ቆሽቴ አሯልና፣ ሁሉንም በእኩል ዐይን አያለሁ ብዬ አልዋሽም።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ልጇ ካቶሊክ ልታገባ ሆነ። የእኛ የፕሮቴስታንት አጥቢያ ሽማግሌ መድረክ ላይ ወጡና፣ "በእነሱ ጣሪያ ሥር የገባ ሰው ከአባልነት ይሰረዛል" አሉ። ስም አልጠሩም፤ ሕዝቡ ግን ዞሮ አክስቴን አየ። በዚያ አጥቢያ ያደገች፣ የመዘምራኑን ልብስ ሁሉ በነፃ የሰፋች ሴት ናት። ታዘዘች።

ቬሎውን በገዛ እጇ ሰፍታ፣ ሙሽራዋን እስከ ካቶሊኩ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ሸኘቻት። እዚያ ሲደርሱ ከቬሎው ጀርባ አንድ ቁልፍ ተበጠሰ። አክስቴ ቆማ ተከለችው፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወደ ኋላ አለች።

"እማዬ፣ ነይ እንጂ!" አለቻት ልጅቷ።

አልገባችም። እኔ ገባሁ፤ ተሰረዝኩ፤ ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በስልክ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ይባባላሉ፤ ከዚያ አያልፍም።

እንግዲህ እኚሁ ሽማግሌ ናቸው ባለፈው ወር የአጥቢያውን የጥናት ጉዞ መርተው ወደ ካቶሊኮቹ ቅዱሳን ስፍራዎች የሄዱት። ሲመለሱ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፎቶ አሳዩን። እኔም ብሰረዝም፣ አክስቴ ብቻዋን እንዳትሆን አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ከመነኮሳት ጋር ምሳ ሲበሉ፤ ካቴድራል ውስጥ አንጋጠው ጣሪያ ሲያዩ። በመጨረሻም የሮማው ጳጳስ እንግዶች የሚቀበሉበት አደባባይ መጣ።

"የቡድናችን ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ተነሥተን አጨበጨብን! ጳጳሱም እጃቸውን አነሡልን!" አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸው በርቶ።

አክስቴ ተነሣች።

"ስንት ቤተ ክርስቲያን ገባችሁ?"

"አሥራ አንድ!"

"ማን ተሰረዘ?"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እህቴ፣ ያ ጊዜው ነበር። እኛ ደግሞ የገባነው ለጥናት ነው።"

"እኔም ቁልፉ መያዙን ላጠና እገባ ነበራ!" አለች። "ልጄ ቤት ይሂዱና 'እናትሽን የከለከልኳት እኔ ነኝ' ይበሏት። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እስቲ እንጸልይበት" አሉ። ቀጥሎም ዐይናቸውን በጨው አጥበው፣ "ለሚቀጥለው ጉዞ ቦታ እንይዝልሻለን" አሏት።

እኔ ልሳደብ አፌን ስከፍት አክስቴ እጄን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ። "እኔው እነግራታለሁ" አለች። በዚያው ልጇ ቤት ሄድን።

በሩ ክፍት ነበር። ልጅቷ ሸሚዝ እየተኮሰች ነው። አክስቴ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ አሥራ አንዱን ቤተ ክርስቲያን፣ ጭብጨባውን፣ "ጊዜው ነበር" መባሉን። "አየሽ? እኚህ ሰውዬ ናቸው ከሠርግሽ ያስቀሩኝ!"

ልጅቷ ካውያውን አቆመችው።

"እማዬ፣ ያሉትንማ ያኔም ሰምቻለሁ። የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ደጅ የቆምሽው ግን አንቺ ነሽ።"

አክስቴ ያን ሁሉ ስታወራ ከደጃፉ ፈቀቅ እንዳላለች ያየሁት ያኔ ነው።

ልጅቷ "ነይ" አላለቻትም። አንዴ ብላታለች። ካውያውን አንሥታ ወደ ሸሚዙ ተመለሰች።

አክስቴ ማንም ሳይጠራት ገባች።