ሐኪሙ የራሱን ሽንት ያፈላ ዕለት

ትናንት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ ትንሽ ዕቃ ሰጥታኝ፣ «እማማ፣ ሽንት ይዘው ይምጡ፤ ፕሮቲን እንዳለው እናያለን» ብትለኝ ሳቄ መጣ። በኔ ጊዜ ሽንት የሚጠይቅ ሰው መተተኛ ነበር የሚመስለን።

ጊዜው የጣሊያን ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ወራቴ ሲገፋ ፊቴም እግሬም አበጠ፤ ዓይኔም ብዥ ይል ጀመር። ባሌ ዱር ቤቴ ብሎ ከአርበኞች ጋር ነበር። አማቴ፣ ከምትሞትብኝ ብለው፣ በበቅሎ ጭነው ቡሬ ካለው ጣሊያን ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ጭቃው በቅሎዋን እስከ ጉልበቷ ይውጣታል። መንገዱን ሁሉ፣ «ስለ ባልሽ ከጠየቁሽ ለንግድ አዴት ሄዷል በይ» ይሉኛል።

ሐኪሙ ሽንቴን ሲጠይቅ የአማቴ ዓይን ፈጠጠ።

«ምን ሊያደርግለት?»

«በእሳት ያፈላዋል» አለ አስተርጓሚው። «ነጭ ሆኖ ከረጋ ታማለች ማለት ነው።»

«ዋ! የማንን ልጅ እንዳረገዝሽ ሊያወጣበት ነው» ብለው አማቴ ሹክ አሉኝ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «እንግዲያው የራሱንም ያፍላ! እኛም እንየው!» አሉ።

ሐኪሙ ሲነገረው ከት ብሎ ሳቀ። ወደ ጓዳ ገብቶ የራሱን ይዞ መጣ፤ የኔንም የሱንም በየብርጭቆ ቱቦው ቀድቶ ተራ በተራ እሳት ላይ ያዘው። የኔ እንደተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ሆነ። የሱም ነጭ ሆነ።

እንዲለይለት ብሎ ኮምጣጤ ጠብ አደረገበት፤ አልጠራም። እንደገና ቀድቶ አፈላ፤ ያው ነው። ሳቁ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ የገዛ ቁርጭምጭሚቱን፣ አብጦ እንደሆነ ሊያይ፣ በጣቱ ተጫነው።

«አላልኩሽም?» አሉ አማቴ። «የሁሉም ሰው ይነጣል፤ ማታለያ ነው! ተነሺ እንሂድ!»

እኔ ግን ፊቱን አይቼዋለሁ። ሊያታልለኝ የፈለገ ሰው ራሱ እንዲያ ይደነግጣል? እጄን ከአማቴ መንጭቄ፣ «ምን ላድርግ?» አልኩት።

«ጨው አትቅመሺ፤ ወተት ጠጪ፤ እስክትወልጂ ከመኝታሽ አትነሺ» አለኝ በአስተርጓሚው። ስለ ባሌ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ይኸው ራሱ፣ ነገሩን ያውቅ ይሆን እያልኩ፣ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ጨው አልባ ሽሮዬን እየበላሁ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ወታደር መጣ እያልኩ እንደባነንኩ ከረምኩ።

ማንም አልመጣም። ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ «ያዳነሽ ወተቱ ነው» ይሉ ነበር።

ሰውዬው የሀገሬ ጠላት ነው፤ ዛሬም ወዳጄ አልለውም። ግን አንዳንዴ አስበዋለሁ። እኔን ተኚ የሚለኝ ሐኪም አገኘሁ፤ እሱን በሰው አገር ማን ተኛ ይለው ነበር?