የሁዳዴ ፓስታ

ጽጌማርያም ዲላ ገበያ ዳር ክር፣ መርፌና ቁልፍ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ሱቋ ጠባብ ቢሆንም ምላሷ አያርፍም ነበር፤ ዋጋ የሚከራከራትን ሁሉ እያሳቀች ታስከፍለዋለች። ባሏ ሽመክት ከታመመ ወዲህ ግን ሱቁም ተዘጋ፣ ቀልዱም ቀረ። ሐኪሞቹ በመጨረሻ «ቤቱ ይሁን፤ የወደደውን አብሉት» ብለው መለሱት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ችግሩ ሽመክት የሚወደው ነገር መጥፋቱ ነው። ሾርባውንም አጥሚቱንም እየገፋ ሰውየው ዓይኗ እያየ አለቀ። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ተክለብርሃን መጥተው «በሽተኛ ጾም የለበትም፤ ወተቱንም እንቁላሉንም ብላ» ብለው ፈቀዱለት። እሱ ግን «አባቴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ገድፌ አላውቅም፤ አሁንማ ይለፈኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጽጌማርያም ያን ቀን ከልቧ ተናደደችበት። ለሞት ሲሆን የሚፈጥን፣ ለወተት ሲሆን የሚግደረደር ሰው ምን ይባላል?

ታዲያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሳትጠብቀው፣ «ጽጌ፣ ፓስታ አለ?» አላት።

ጆሮዋን አላመነችም። ሽመክት በፍስሐ ገነት ከተማ አስተማሪ ሆኖ በተመደበበት ዘመን፣ አዲስ ሙሽሮች ሳሉ፣ ጓዳቸው ከፓስታና ከሽንኩርት ሌላ አያውቅም ነበር። እሷም ሙያው ገና ስላልገባት ሌላ አልሞከረችም፤ እሱም ሳያማርር በልቷል። ተስፈንጥራ ተነሳች። መደርደሪያው ላይ የተከፈተ ፓስታ፣ ትንሽ የቲማቲም ድልህ፣ ሽንኩርትና ዘይት አገኘች። ውሃውን ጥዳ ጨው ጣል አደረገችበት፤ ሲፈላ ፓስታውን ለአፉ እንዲያመቸው ሰባብራ ከተተችው። ሽንኩርቱን አቁላልታ ድልሁን ስትጨምር ቤቱ የድሮውን ሸተታት፤ ለአፍታ የሚድን መሰላት።

ያኔ ነው ዓይኗ ከቅበላ ተርፎ የተሸሸገው የቅቤ ጣሳ ላይ ያረፈው። በዘይት ብቻ ምን ጉልበት ያገኛል? ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን አለችና አንድ ማንኪያ ሙሉ ዝቃ ስጎው ውስጥ ጣለች። ሽታውን እንዲሸፍንላት ነጭ ሽንኩርት ያለ ልክ አበዛችበት። አልሸፈነም። የተነጠረ ቅቤ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ኮረሪማው ብቻውን ጎረቤት ይጠራል። ሽመክት ደግሞ በጾም ቀን የሰው ቤት ቅቤ ሲሸተው ተነስቶ መስኮት የሚዘጋ ሰው ነበር።

ሳህኑን ይዛ ገባች። ሽመክትን በትራስ ደግፋ አስቀመጠችው። አንዴ ጎረሰና ቀስ ብሎ አላመጠ። እሷ ዓይን ዓይኑን እያየች ቁጣውን ጠበቀች።

«ጥሩ ነው» አለ። «ጨው ብቻ ያንሰዋል።»

«ሌላስ? ምን ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ፓስታ ነዋ። ያው የጾም።»

በልቶላት ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። የሚያሸት አፍንጫ፣ የሚለይ ምላስ አልቀረለትም ማለት ነው። «ቅቤ አገባሽበት?» ብሎ ሳህኑን ቢወረውርባት ምንኛ በወደደች። እንባዋን እንዳያይባት ጎንበስ ብላ ብርድ ልብሱን አስተካከለች።

ሽመክት ሁለተኛ አልጎረሰም። ፓስታውን በሹካ አንስቶ፣ እጁ እየከበደው፣ ወደ አፏ ዘረጋላት።

«አንቺም ዛሬ እህል አልቀመስሽም። በሞቴ፣ ጉረሺልኝ።»

ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ ሲያጎርስ የሚለው ቃል ነው። ዛሬ ግን ቃሉን ሁለቱም እንደ አዲስ ሰሙት።

እሷም እንደሱ ጾም ገድፋ አታውቅም። እምቢ ብትል ደግሞ ቅቤውን መናገሯ ነው። ሹካው አየር ላይ እንዳለ ጠበቃት። አፏን ከፈተችና ጎረሰች። ቅቤው እንደ ጉድ ጣፈጣት፤ በመጣፈጡም አፈረች።

እሱ ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያን ቀን ወዲያ ምግብ ጠይቋት አያውቅም።