ጋቢና ማን ነበር?

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዎቹን ነው። ዘጠኝ ጥንድ ጫማ በግድግዳው ሥር ተደርድሯል፤ አንዱም ማሰሪያ የለውም። የእኔንም ማሰሪያ በር ላይ አስፈትተው ወስደውት ነበር። ጫማዬን አውልቄ ከመጨረሻው ጥንድ አጠገብ አስቀመጥኩ። አሥረኛ ሆንኩ።

ክፍሉ የት እንደነበር አልጽፍም። ጣሪያው ሥር ክንድ የማታስገባ መስኮት ነበረችው። በእርሷ በኩል የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፍ ይታያል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር የቅጠሉ ሽታ ከበረኪናና ከሰው ላብ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ማንም አላናገረኝም። ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ብርድ ልብሳቸውን ወደ ራሳቸው ሰብሰብ አደረጉና «ና፣ እዚህ ይበቃናል» አሉኝ።

ሌሎቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እኔም ጋሼ አልኳቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የመኪና ኤሌክትሪክ። ሲግናል አካባቢ ጋራዥ አለኝ።»

«ጥሩ ሙያ ነው» አሉና ውሃ ሊያቀብሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። የሹራባቸው እጅጌ ሲሰበሰብ ከእጅ አንጓቸው ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ መዳፍ የሚያህል የተላጠ ቆዳ አየሁ። ዳር ዳሩ መድረቅ ጀምሯል። እንዲህ ያለ ቁስል በሥራዬ አውቃለሁ።

«ኤርባግ ነው?» አልኳቸው።

ገረማቸው። «እንዴት አወቅህ? አዎ፣ ኤርባግ ነው። ከእንጦጦ ስወርድ፣ ከኪዳነ ምሕረት ትንሽ ዝቅ ብሎ መታጠፊያው ላይ። አንዲት ሴት ቅጠል ተሸክማ ድንገት መንገድ ገባች። እሷን ስሸሽ ዛፍ ገጨሁ።»

«ሴትዮዋስ?»

«ደህና ናት። ሸክሟን እንኳ አላወረደችም።» ፈገግ አሉ።

እኔ ውሃውን እንደያዝኩ ቀረሁ። መኪናዋን አውቃታለሁ። ነጭ ናት፤ የግራ የፊት መብራቷ ወጥቶ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ከዘጠኝ ቀን በፊት እኔ ጋራዥ ገብታለች።

ያመጧት ባለቤታቸው ነበሩ፣ በክሬን አስጭነው። «ከእንጦጦ ሲወርድ ዛፍ ገጭቶ ነው፤ እሱ ደረቱን አሞት ተኝቷል፤ ይህን የሚሠራ አንተ ነህ ብለውኝ ነው» አሉኝ። ኤርባግ የፈነዳባት መኪና ስትመጣ መጀመሪያ የማደርገው ከማርሹ ሥር የተቀበረችውን ትንሽ የብረት ሳጥን በማሽን ማንበብ ነው። ሳጥኗ ኤርባጉን ታፈነዳለች። ሰው የማያውቀው ግን ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ጥቂት ሴኮንዶች ይዛ መቅረቷን ነው፤ ፍጥነቱን፣ ፍሬኑን፣ የሹፌሩን ቀበቶ፣ የጋቢናውን ቀበቶ፣ ጋቢናው ወንበር ላይ ክብደት መኖር አለመኖሩን። ኤርባጉ አንዴ ከፈነዳ ያ መዝገብ አይሰረዝም። ባለ መኪኖቹ ይህን አያውቁም። እኔም ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ጋራዥ መጡ። ትሑቶች ነበሩ፤ መታወቂያ አሳዩኝ።

«ስለዚያች ነጭ መኪና ነው» አለ አንደኛው። «ስትጋጭ ስንት ሰው እንደነበረባት ማወቅ ይቻላል?»

«አይቻልም» ማለት ቀላል ነበር። «ባለቤቶቹን ልጠይቅ» ማለትም ይቻል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ጥያቄው ደስ አለኝ። በሰፈሩ ይህን ማንበብ የሚችል ከእኔ ሌላ አልነበረም። ከሳጥኗ አንብቤ ያተምኩትን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። «ይኸው፣ ጋቢና ሰው ነበር። ቀበቶም አስሯል።» ሰውየው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ጎበዝ ነህ» አለኝ። ያን ቀን ሠራተኞቼን ምሳ ጋበዝኳቸው።

ጋሼ የተያዙት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። እኔን ከሳምንት በኋላ «ለማብራሪያ» ብለው ከነላፕቶፔና ከነማሽኔ ወሰዱኝ።

ነገሩን የተረዳሁት እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ከሌሎቹ እስረኞች ወሬ ነው። ጋሼ ቤታቸው ቀበና ነው። ከወንዙ ዳር ተነሡ ለተባሉ ጎረቤቶቻቸው አቤቱታ ጽፈው ነበር። ቤት ለቤት እየዞረ ፊርማ ያሰባሰበው ወጣት ተሰውሯል፤ የሚፈለገው እሱ ነው፤ ጋሼ በመኪናቸው አሽሽተውታል ተብለው ተጠርጥረዋል። ጋሼ «አደጋው በደረሰበት ጠዋት እንጦጦ የወጣሁት ለመሳለም ነው፣ ብቻዬን ነበርኩ» ብለዋል። ወረቀቱ ግን ጋቢና ሰው ነበር ይላል። ወረቀቱ እንኳ አይደለም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ሁለት ቀን አልነገርኳቸውም። አንድ ፍራሽ ላይ እየተኛን አልነገርኳቸውም። ባለቤታቸው የሚልኩላቸው ምሳ ሲገባ ሳህኑን መጀመሪያ ወደ እኔ ይገፉታል። «ብላ እንጂ፣ አንተ ወጣት ነህ።» ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ሲጠፋ ግድግዳው ላይ በጣታቸው ወንዝ ይስላሉ። «ቀበና አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ሄዶ ባሕር ሳያይ በረሃ ይቀራል።» እስረኛው ጣታቸውን በዓይኑ ይከተላል። እኔ ጣታቸውን ሳይሆን ቁስላቸውን አያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ «ወንድሜ» ይለኛል። ፊት ለፊቱ አንድ የተተየበ ገጽ ነበር።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለኝ። «ጋራዥ የተናገርከውን ነው የጻፍነው። ፈርምና ሂድ። ሚስትህ ደጅ ቆማለች።»

አነበብኩት። በባለሙያነቴ እንዳረጋገጥኩት፣ አደጋው ሲደርስ ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር ይላል። ቃሉ የራሴ ነው። አንድም የጨመሩት ነገር የለም።

«ነገ ብፈርምስ?» አልኩት።

«ለምን ነገ?»

«ልቤ አልተረጋጋም።»

ሰዓቱን አየ። «ይሁን፣ ነገ። ነገ ግን ሌላ ነገ የለም።»

ስመለስ ጋሼ ፀሐይ የምታርፍባትን ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

«የቱን ወረቀት?»

«የመኪናዎን።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምሳ መጋበዜን ሳይቀር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እጃቸውን ያዩ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት ነድቻታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ስትጽፍ አይቻት አላውቅም።» ከዚያም «ስለ እኔ ምን ትላለች?» አሉኝ።

«ፍጥነትዎ አርባ አንድ ነበር። ቀበቶ አስረዋል። ዛፉን ከመግጨትዎ ሁለት ሴኮንድ ቀደም ብሎ ፍሬን ይዘዋል።»

«ሴትዮዋን እንዳየሁ ወዲያው ነው የያዝኩት ወይስ ዘግይቼ?»

«እሱን አታውቅም ጋሼ። የምታውቀው እግርዎን እንጂ ዓይንዎን አይደለም።»

ይህን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «ጋቢናውስ? እዚያ ምን አየች?»

«ክብደት። የታሰረ ቀበቶም።»

«ክብደት ብቻ?»

ስንት ደንበኛዬ ጋቢና ዕቃ ጭኖ፣ መኪናዋ ቀበቶ እሰር እያለች ስትጮህበት ቀበቶውን ለዕቃው ያስርለታል። እኔ ራሴ የመሣሪያ ሳጥኔን እንደዚያ አድርጌ ነው የምነዳው። ይህን ዕድሜዬን ሁሉ አውቃለሁ። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ ሳስረዳ ግን ትዝ አላለኝም።

«አዎ ጋሼ፣ ክብደት ብቻ» አልኩ። ከዚያ ከአፌ አመለጠኝ፤ «ሰው ነበር እንዴ?»

«እሱን አትጠይቀኝ» አሉ። አልተቆጡም፤ ለተማሪ እንደሚናገሩ ነው የተናገሩኝ። «ብነግርህ ነገ ይዘኸው የምትገባው ነገር ይበዛብሃል። አንተ የምታውቀውን ብቻ ይዘህ ግባ።»

ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ አላወሩኝም። ሳህኑን ወደ እኔ መግፋቱን ግን አልተዉም።

በማግስቱ መርማሪው እስክሪብቶ ሰጠኝ። ገጹን ገልብጬ ባዶው ጀርባ ላይ በእጄ ጻፍኩ። ማሽኑ ጋቢናው ወንበር ላይ ክብደት እንደነበረና ቀበቶው ታስሮ እንደነበረ መመዝገቡን፤ ክብደቱ ሰው ይሁን ዕቃ ግን እንደማይመዘግብ፤ «ሰው ነበር» ያልኩት የማላውቀውን መናገሬ እንደነበረ። ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። «ማን ነው እንዲህ በል ያለህ?»

«ማንም። ማሽኑ የሚለው ይህን ነው።»

«ጋራዥ እንዲህ አላልክም።»

«ጋራዥ ያልኩት ጉራ ነበር።»

ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገና «ሚስትህ ዛሬም ደጅ ናት» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ጨመርኩ። ወረቀቴ ለጋሼ ይጥቀማቸው ይጉዳቸው የነገረኝ የለም። በአራተኛው ቀን ዕቃቸውን አስይዘው ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ሲወጡ ወደ እኔ አልዞሩም። ወይም ዞረው እኔ አንገቴን ደፍቼ ይሆናል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አላውቅም፤ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከስድስት ወር በኋላ መፈታታቸውን ሰምቼ ቀበና ወረድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። ወዲያው አወቁኝ። ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝና «ይቅር በለን ልጄ፣ በእኛ መኪና ጦስ ታሰርክ» አሉኝ። ተከትያቸው ገባሁ።

ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ እግራቸው አብጧል። ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ ለባለቤታቸው «አብረን ነበርን። ጥሩ ልጅ ነው። ምሳ አቅርቢለት» አሏቸው። አለመናገራቸው ገባኝ። በስድስት ወር ውስጥ ይሁን ከተፈቱ ወዲህ፣ ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሯቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤታቸው እጄን አስታጠቡኝ፣ ምሳ አቀረቡልኝ። በላሁ።

ጋሼ ባለፈው ዓመት አረፉ። ጋቢና ማን እንደነበር፣ ወይም ምን እንደነበር፣ ዛሬም አላውቅም።

ጋራዡ አሁንም አለ። ሳጥን ከማንበቤ በፊት ባለ መኪናውን አስጠርቼ ውስጧ ምን እንደሚቀመጥ እነግረዋለሁ። አብዛኛው ይስቃል። «ምን የምደብቀው አለኝ፣ አንብበው» ይለኛል። አነባለሁ፤ ወረቀቱን ለእሱ ብቻ እሰጠዋለሁ። ብቻዬን ስነዳ ግን፣ በተለይ ከእንጦጦ ስወርድ፣ ወደ ጋቢናው ዞር ብዬ አያለሁ። ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። አያለሁ።

ባለቤታቸው በየበዓሉ ይደውሉልኛል። «እዚያ ሳላችሁ ምን ምን ይልህ ነበር?» ይሉኛል። እኔም የማስታውሰውን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ እየደጋገሙ ይጠይቁኛል፣ እየደጋገምኩ እነግራቸዋለሁ። ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።