ያልታጠበው ፔጆ

ማክሰኞ ረፋድ

ወደ ላሊበላ የበረርኩት ሁለት አሮጌ የፈረንሳይ ስፖርት መኪናዎችን አወዳድሬ አንዱን ለመምረጥ ነው። የላከኝ መኪና ሰብሳቢው ጓደኛዬ ዳዊት ነው። ከአየር ማረፊያው እስከ ከተማ በሚኒባስ ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ። ተሳፋሪዎቹ እኔና አንድ ቄስ ብቻ ነበርን።

ወይዘሮ ዘነቡ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር አምስት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ከጦርነቱ ወዲህ ተዘግቷል። መኪናዎቹን ባለቤታቸው አቶ ጌጡ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ ገዝተው፣ በጭነት መኪና አስጭነው ያመጧቸው ናቸው። አቶ ጌጡ አምና አረፉ። ወይዘሮዋ አልፒኑን ሸጠው ማረፊያውን ሊከፍቱበት፣ ባላቸው የሚወዱትን ፔጆ ሊያስቀሩት አስበዋል።

ከሰዓት በኋላ

አልፒን ኤ 110 ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ፣ አካሉ ከፋይበርግላስ የተሠራ ቀላል መኪና ነው። በተራራ መንገድ ውድድር ስሙ ስለተጠራ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። ፔጆ 504 ኩፔ አራት መቀመጫ አለው፤ አካሉ ብረት ነው፣ ለረጅም መንገድ ይመቻል፣ ዋጋው ግን ከአልፒኑ በብዙ ያንሳል።

አልፒኑ ግቢው መሀል ያብረቀርቃል። አዲሱ ቀለም ገና ይሸታል። የሻሲ ቁጥሩ የተጻፈባትን ትንሽ ብረት ፈልጌ አጣኋት።

«እትዬ ዘነቡ፣ እዚህ ጋ የነበረችው ብረትስ?»

«እሷማ ዝጋ ነበር። እንግዳ ሊያየው ነው ብዬ አስነቅዬ አስጣልኳት። አላማረም?»

«አምሯል» አልኩ። የፋይበርግላስ አካል አስመስሎ መሥራት ስለሚቻል፣ ያለዚያች ብረት እውነተኛ አልፒን መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል።

ፔጆው ገለባ ቤት ውስጥ ቆሟል። አቧራና የዶሮ ኩስ ለብሷል፤ ቀለሙም ቁጥሩም ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዷል።

«ጌጡ ከታመመ በኋላ ውሎው እዚያ ነበር» አሉኝ።

ለዳዊት ደውዬ ያየሁትን ነገርኩት። «አልፒኑን ተወው። ፔጆውን እንዳለ አምጣው፤ አቧራው እንኳ እንዳይነካ» አለኝ።

ስነግራቸው ሳቁ። «የተኳለችውን ትታችሁ ጓዳ የተደበቀችውን? አንተ ደሞ አቧራ ልትገዛ ነው የመጣህ!» ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ያቀረቡልኝን ሽሮ እኔ ስበላ እሳቸው አልቀመሱም።

ረቡዕ ጠዋት

«ውሰደው» አሉ። «ቤቱ ካልተከፈተ እኔም እዚህ አልከርምም።»

ፔጆውን የሚጭነው አይሱዙ ሲደርስ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ወጡ።

«እትዬ፣ አይንኩት፤ ገዢው እንዳለ ነው የፈለገው።»

«ኧረ ልጄ! ሬሳ እንኳ ታጥቦ ነው የሚሸኝ።»

ጨርቁን ጨመቁ።

«መስኮቱን ብቻስ?»

«መስኮቱንም አይቻልም።»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ከተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መኪናው ሲጫን ቀና ብለው አላዩም።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

በጋሸና፣ በወልድያና በደሴ አድርገን ሁለት ቀን ተጓዝን። ዳዊት ፔጆውን ዞሮ ዞሮ አየና ደስ አለው። ወዲያው ሠራተኛው የውኃ ጎማ ይዞ መጣ።

«ቀለሙ አይጎዳም?» አልኩ።

«ውኃ ምን ያደርገዋል?» አለ ዳዊት። «ያልኩህ መንገድ ላይ በሻካራ ነገር እንዳይፈትጉት ነው።»

በጋዜጠኝነት ለዓመታት ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ላሊበላ ላይ ግን «ለምን?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ ለዳዊት ሳላነሣለት ቀረሁ።

ቤቴ እንደገባሁ ለወይዘሮ ዘነቡ ደወልኩ።

«አጠባችሁት?» አሉኝ፣ ሰላምታ ሳይጨርሱ።

«አዎ እትዬ፣ ታጥቧል።»

«እሰይ። በማን እጅ?»

የአጣቢውን ስም አልጠየቅሁም ነበር።