የጋሽ ወልዴ ፕላስተር

ባለፈው ወር ጋሽ ወልዴ ፌስታሉን ሲያቀብለኝ አላወቀኝም። እኔ ግን ገና በር ላይ ጉሮሮውን ሲጠርግ አወቅሁት። አቤት ያ ጉሮሮ! የስንቱን ልብ አስደንግጧል። አሁን ትከሻው ወርዶ፣ ሱሪው ሰፍቶት፣ ጥቁር ፌስታሉን እንደ ስለት ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ውስጡ ያለው ሰገራው ነው።

"ልጄ፣ እዚህ ነው የሚሰጠው?" አለኝ።

"አዎ አባቴ፣ እዚህ ነው" አልኩት። ስሙንም ጻፍኩ። ይህን ሰው እንዲህ ሆኖ ለማየት ስንት ዘመን ተመኝቻለሁ!

እኔ ጁባ ውስጥ፣ ቶንፒንግ በሚባል ሰፈር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል ናሙና ተቀብዬ ውጭ አገር ላለ ላብራቶሪ እልካለሁ። አሁን አሁን ደግሞ የትልቁ አንጀት ካንሰር ገና ሳይብስ ምልክቱ በሰገራ ውስጥ የሚፈለግበት ምርመራ መጥቷል። ሥራዬን እወደዋለሁ። የገባሁበት ግን በፍቅር ሳይሆን በንዴት ነው።

ያኔ ጁባ የደቡብ ሱዳን ገና አዲስ ዋና ከተማ ነበረች። እኔ የላብራቶሪ ዲፕሎማዬን ይዤ አገር ቤት ሥራ ሳጣ፣ ታላቅ ወንድሜ ታምራት ጋ መጣሁ። እሱ የጋሽ ወልዴን ሆቴል ጄኔሬተር ይይዝ ነበር፤ እኔም እዚያው ክፍል አጽጂ ሆንኩ። የምንኖረው ጉዴሌ የሚባል ሰፈር ነው። በበጋ አቧራው አመድ የነፋብን ያስመስለናል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጭቃው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል። ታምሬ ጠዋት ጠዋት ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ እያፏጨ ነበር የሚሄደው።

የሆቴሉን ነገር ልንገራችሁ። ጋሽ ወልዴ ለናፍጣ ይሳሳል። ቀን ቀን እንግዳ ኤሲ እንዳያበራበት በየክፍሉ ማብሪያው ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ይለጥፋል። እንግዳ ሲጠይቀን "ተበላሽቷል" እንድንል ታዘናል። ኤሲውም ደህና ነው፣ ማብሪያውም ደህና ነው። የኛን ፓስፖርት ደግሞ "እንዳይጠፋባችሁ" ብሎ ሰብስቦ ካዝናው ውስጥ ቆልፎበታል። እኛም ወግ መስሎን ዝም አልን።

ሁዳዴ ገባ። ታምሬ በጾም አይቀልድም፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አይቀምስም። በዚያ ዓመት ግን ከሳ። ቀበቶው አልይዝ ሲለው በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳለት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እናቶች "ጾም እንዲህ ነው እንጂ!" እያሉ ያሞግሱታል። እኔም በወንድሜ ኮራሁ። ሌላው ሰው እንዲያ ሲከሳ ሐኪም ይፈለግለታል፤ እኛ መረቅነው።

ፋሲካ አልፎ ማንጎ መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ እሑድ ነጭ ዓባይ ዳር ወዳለችው ረጃፍ ወረድን። ወንዙ ዳር አንዲት ሴት ከመረብ የወጣ ዓሣ እየጠበሰች ትሸጣለች። ዘይቱ ሲንጫጫ፣ ሎሚው ሲጨመቅበት፣ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ታምሬ የዓሣ ነገር አይሆንለትም ነበር፤ ያን ቀን ግን ቆንጠር አድርጎ ተወው። ከዛፉ ጀርባ ሄዶ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"አፈር ስሆን ንገረኝ!"

ወደ ወንዙ ዞሮ "ደም ነው" አለ። "ከገና ጀምሮ ሰገራዬ ውስጥ ደም አለ። ለእህት የሚነገር ነገር አይደለም ብዬ ነው።"

በማግስቱ ጋሽ ወልዴ ቢሮ ገባን። ታምሬ አፍሮ መሬት መሬት ሲያይ እኔ ተናገርኩ፤ ፓስፖርቱን ይስጡት፣ አዲስ አበባ ሄዶ ይመርመር አልኩ። ጋሽ ወልዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ኪንታሮት ነዋ!" ብሎ ሳቀ። "ሞቅ ያለ ጨው ውኃ ውስጥ ይዘፍዘፍ። ሆቴሉ በስብሰባ እንግዳ ሊሞላ ነው፤ ጄኔሬተሩን ማን ሊይዝልኝ ነው? ዝናቡ ሲያባራ ይሄዳል። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።"

"ጋሼ፣ ደም እኮ ነው!"

"አንቺ ደግሞ ዲፕሎማ ያዝኩ ብለሽ ሐኪም ሆንሽ?"

ሌላ ቦታ ሄጄ ልክሰሰው ስል ታምሬ "ሥራችንን አታሳጪን" ብሎ ለመነኝ። የጁባ ዝናብ ደግሞ ቶሎ አያባራም። እስኪያባራ ድረስ ወንድሜ ጨው ውኃ ውስጥ፣ ፓስፖርቱ ካዝና ውስጥ ተቀመጡ። አዲስ አበባ ስንደርስ የአንጀት ካንሰሩ ጉበቱ ገብቶ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። "እንዴት እንዲህ ይሆናል?" ብዬ ስጮህባት አልተቆጣችኝም፤ አስቀመጠችኝ።

"ሴል ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚይዙት ጂኖች አሉ" አለችኝ። "በዚህ በሽታ አንዳንዶቹ ሳይበላሹ ዝም ይላሉ። ሜቲል የምትባል ቅንጣት መነሻቸው ላይ ትለጠፍባቸዋለች፤ ከዚያ ሴሉ ሊያነባቸው አይችልም። የሚይዘው ሲያጣ እንደ ልቡ ይባዛል።"

"ማብሪያ ላይ እንደተለጠፈ ፕላስተር?"

ገርሟት አየችኝ። "አዎ፣ ልክ እንደሱ።"

"ከዝናቡ በፊት ብንመጣስ?"

"ይጠቅም ይሆናል፣ ላይጠቅምም ይችላል። ይህ ነገር የሚጀምረው ከዓመታት በፊት ነው።"

መልሷ ትክክል ነበር፤ እኔ ግን አልፈለግሁትም። ሜቲል ፊት የለውም። ጋሽ ወልዴ ግን ፊት አለው፣ ያውም የወዛ።

ታምሬን ቀብረን ዕቃውን ልሰበስብ ጁባ ተመለስኩ። ጋሽ ወልዴ ጥቁር ኮት ለብሶ "እግዜር የወሰደውን ምን ይደረጋል? ጠንካራ ጿሚ ነበር" አለኝ። አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩት። ቆይ ብቻ፣ አልኩ በሆዴ። ሥራዬንም ቀጠልኩ።

ቀኑን ራሴ መረጥኩ። ሆቴሉ ጢም ብሏል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እንግዶቹ ሁሉ ምሳ ላይ ናቸው። ታምሬ ሁልጊዜ "ሁሉም ኤሲ አንዴ ከበራ ይቺ ጄኔሬተር አለቀላት፤ ፊውዟን ጋሼ በሽቦ አስቀጥሎታል" ይል ነበር። ከኛኮት ጋር ክፍል ልናጸዳ ወጣን። ኛኮት ጋምቤላ ያደገች፣ አማርኛዋ ከኔ የሚፈጥን የሥራ ጓደኛዬ ናት። የመጀመሪያውን ፕላስተር ስልጥ ቆማ አየችኝ።

"ሰኒ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ኤሲ እያበራሁ።"

ትንሽ አሰበችና ወደ ሌላው ኮሪደር ሄደች። እሷም ስትልጥ ሰማሁ፤ ቸረር፣ ቸረር።

ጄኔሬተሩ መጀመሪያ አቃሰተ። ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። "ካህራባ ማፊ! መብራት የለም!" የሚል ጩኸት ከምግብ ቤቱ ተነሣ። ጋሽ ወልዴ ናፕኪኑ አንገቱ ላይ እንዳለ ግቢው መሐል ሮጦ ወጣ።

"ታምራት!" ብሎ ተጣራ፣ ከልማድ። "የት ሄደ ይሄ ልጅ? ታምራት!"

ወጥ ቤቶቹም፣ ዘበኛውም፣ እኛም ቆመን አየነው። ያን ጊዜ ነው አንጀቴ ቅቤ የጠጣው። ኋላ ፕላስተሩን ማን እንደነካ ሲያፋጥጠን ኛኮት ትከሻዋን ሰብቃ "አና ማ አሩፉ" አለችው፤ አላውቅም ማለቷ ነው። በዚያ ሳምንት እንግዳው ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ፣ የፍሪጁ ሥጋ ሸተተ፣ ሆቴሉም ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አልሆነም። ልጸጸት ብዬ ሞክሬ አውቃለሁ፤ እምቢ አለኝ። ከዚያ ዲፕሎማዬን አውጥቼ፣ ንዴቴን ይዤ ወደ ናሙናው ሥራ ገባሁ።

ትናንት የጋሽ ወልዴ ውጤት መጣ። ያቺ ልጣፊ፣ ሜቲል፣ ሰገራው ውስጥ ተገኝታለች። ተጠርቶ ሲገባ በሩን ዘጋሁለትና ወንበር ሰጠሁት። አልዋሽም፣ "ጨው ውኃ ውስጥ ይዘፍዘፉ" ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"አባቴ፣ ምልክቱ ተገኝቷል" አልኩት። "ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ግን አንጀትዎ በካሜራ መታየት አለበት። ገና ትንሽ እብጠት ከሆነ ቆርጠው ያወጡልዎታል። አሁኑኑ አገር ቤት ይሂዱ።"

"ትንሽ ሥራ አለብኝ" አለ። "ዝናቡ ሲያባራ ብሄድስ?"

ደሜ ጆሮዬ ድረስ ወጣ።

"አይሆንም። ፓስፖርትዎ የት ነው ያለው?"

"ኪሴ ውስጥ።"

"እርግጠኛ ነዎት? የቆለፈብዎት ሰው የለም?"

ቀና ብሎ አየኝ፣ ደጋግሞ አየኝ። ጉሮሮውን ሊጠርግ ሞክሮ አልሆነለትም።

"የታምራት እህት..."

"ነኝ። ፕላስተሩንም የላጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ይነሡና ትኬት ይቁረጡ።"

ማታ ለኛኮት ደውዬ ስነግራት "ይቅር አልሽው ማለት ነው?" አለችኝ። የምን ይቅርታ! እንዲድን ግን እፈልጋለሁ። ድኖ፣ ዕድሜ ጠግቦ፣ ሰው በጊዜ ሲሄድ ምን እንደሚያገኝ በገዛ አንጀቱ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

ዛሬ ጠዋት የአዲስ አበባው አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ሥራዬን ትቼ ደጅ ወጣሁ። እሱ ውስጡ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ፊቴ ራሰ፤ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር።