ያልተጠየቀ ክፍያ

ሆባርት ኮምብስ ዕዳ የሚባል ነገር አይወድም። አይወድም ማለት እንኳ ያንሰዋል፣ ይፈራዋል። በሎረል ፎርክ ሸለቆ ካሉት ሽማግሌዎች መካከል ለቀብሩ የሚለብሰውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ገና በእግሩ እየሄደ ሳለ ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ የሰቀለ እሱ ነው። "ጉድጓድ በዱቤ አልገባም" ይላል፤ እንግዳ ሲመጣም አውጥቶ ያሳያል። ሱሪው ዛሬ ዛሬ በጣም ሰፍቶታል። "እዚያ ቀበቶ የሚያይ የለም" ብሎ ይስቃል፣ ሲስቅ ደግሞ ሳሉ ይነሳበታል። ዕድሜውን ሙሉ ከመሬት በታች የዋጠው የከሰል አቧራ ሳንባውን ጨርሶታል፤ አሁን የሚተነፍሰው አፍንጫው ላይ በተሰካ ቱቦ፣ ጥግ ላይ በሚያጓራ የኦክስጅን ማሽን ነው።

ልጁ ኦሌታ ግን ከዕዳ ጋር ነው ያረጀችው። ነርስነት የተማረችው በመንግሥት ብድር ነው። ከኬንታኪ ሸለቆዎች ወጥቶ የተማረ ሰው ሌላ ምን አማራጭ አለው? ብድሩ ግን አንድ በር ነበረው፤ የሕዝብ ሥራ እየሠራ አሥር ዓመት ሙሉ ወር በወሩ የከፈለ ሰው ቀሪው ይሰረዝለታል። ለዚህ ስትል ኦሌታ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ በአውራጃው ጤና ጣቢያ ተቀጠረች፣ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየች፣ የተሻለ ደመወዝ ይዘው የመጡትን የግል ሆስፒታሎች ሁሉ እምቢ አለች። አባቷን የምታየው በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው። "ጸደይ ሲገባ አሥር ዓመቴ ይሞላል። ሥራውን ጥዬ መጥቼ አጠገብህ ነኝ" ትለዋለች። ሆባርትም ጸደይን ይጠብቅ ነበር።

በየካቲት ግን በረንዳው ላይ ወደቀ። ወንድሟ ኤስቲል ደርሶ ሲያነሳው ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

"ከእንግዲህ ብቻውን አያድርም፣ አይውልም" አለ ኤስቲል። "የአረጋውያን መጦሪያ ቤቱ ሰዎች አንድ አልጋ አለን ብለዋል። እስከ ዓርብ ነው የሚያቆዩልን።"

"እዚያ ከገባ አይወጣም" አለች ኦሌታ።

"እሱን እኔ አላውቅም መሰለሽ? አምስት ቀን ሙሉ ግን እኔ አልችልም። ከባድ መኪናዬ ቆሞ ማን ያበላኛል? አንቺ ነይ በያ!"

ልትመጣ የምትችለው አሥሩ ዓመት ከሞላ ብቻ ነበር። ሳይሞላ ሥራዋን ከለቀቀች ያ ሁሉ ዕዳ እስከ ወለዱ ራሷ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ማክሰኞ ፈቃድ ወስዳ፣ ስንት ወር እንደቀራት ከብድር አስተዳዳሪው ድርጅት አፍ ለመስማት ከአባቷ ቤት ደወለች።

በዚያ ሸለቆ ስልክ የሚሠራው ወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ጆሮ ከፍ ካደረጉት ይቋረጣል። እሷም እንደ ሁልጊዜው ስልኩን ደፉ ላይ አስቀምጣ ስፒከሩን ከፈተች። ሆባርት ወንበሩ ላይ ሆኖ የበቆሎ ዳቦውን ወተት ውስጥ እየፈረፈረ ሁሉንም ይሰማል። ሙዚቃው ተጫውቶ ተጫውቶ አንድ ድምፅ ገባ፤ "ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው።"

"ዋጋ ቢኖረውማ ታነሺው ነበር" አለ ሆባርት።

"አባዬ፣ ማሽን ናት እኮ።"

"ታዲያ ማሽን ምን ያውቃል ስለ ዋጋ?"

ኦሌታ አልሳቀችም። ባለፈው ዓመት ብድሯ ከአንድ አስተዳዳሪ ወደ ሌላ ተዛውሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር አዲሱ በአሮጌው፣ አሮጌው በአዲሱ ያሳብባል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ወተቱ ሙሉ በሙሉ ዳቦው ውስጥ ከሰረገ በኋላ ዴዚሬ የምትባል ሴት አነሳች። ድምፅዋ ትሑት ነበር።

"ወይዘሮ ኮምብስ፣ የተቆጠረልዎትን እያየሁ ነው። የሚቀርዎት… አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው።"

ኦሌታ የመስኮቱን ደፍ ያዘች። "ስህተት አለ። አንድ ወር አላሳለፍኩም። አንድም!"

"አላሳለፉም፣ ትክክል ነዎት። እንዲያውም ትርፍ ከፍለዋል፤ ችግሩ እሱ ነው። ትርፍ ሲገባ ሲስተሙ ለቀጣዩ ወር ያደርገዋል፣ ያ ወር የሚጠበቅብዎ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ በሆነ ወር ቢከፍሉም አይቆጠርም።"

"እኔ ትርፍ ከፍዬ አላውቅም። የማገኘው ለአፌና ለቤት ኪራይ ነው!"

"እዚህ ይታየኛል፣ ወይዘሮ ኮምብስ። ከርስዎ ክፍያ ሌላ በየጊዜው የፖስታ ቤት ሐዋላ ሲገባ ቆይቷል። የተላከው ከሎረል ፎርክ ነው።"

ኦሌታ ዞር አለች። ሆባርት ማንኪያውን አስቀምጦ ጫማውን ያያል። የእሷ ደብዳቤዎች ድሮም በአባቷ አድራሻ ነበር የሚመጡት፤ አድራሻ መቀየር ለአባቷ ቤት ጀርባ መስጠት መስሎ ስለታያት አልቀየረችም። እሱም ፖስታውን ይከፍታል፣ የሂሳቡን ቁጥር ይገለብጣል፣ ከጡረታው ቆርሶ ይልካል፤ ደረሰኙ ሲመጣ ምድጃ ውስጥ ይጨምራል። የቆየ ብሂላችን የአባት ዕዳ ለልጅ ነው የሚለው። እዚህ ቤት ነገሩ ተገላብጦ የልጅ ዕዳ ለአባት ሆነ፤ ሽማግሌው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ሲል ኖሯል።

"አንተ ነህ?" አለችው።

"ቶሎ እንዲያልቅልሽ ነው" አለ።

"ማን አዘዘህ? ማን ለመነህ?" ጮኸችበት። ከልጅነቷ ጀምሮ ጮኻበት አታውቅም። "ቶሎ እንድመጣ ብለህ አርቀህ አስቀመጥከኝ!"

ሆባርት የወንበሩን ክንድ ተደግፎ ተነሳ። ቱቦውን እየጎተተ፣ በየእርምጃው እየቆመ መስኮቱ ጋ ደረሰ፤ ወደ ስልኩም ጎንበስ አለ።

"አንቺ ልጅ፣ ትሰሚኛለሽ? ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እሷ ላይ እንዳትጽፉባት።"

"ጌታዬ፣ ይቅርታ። ያለ ባለ ሂሳቧ ፈቃድ ስለዚህ ጉዳይ ከርስዎ ጋር መነጋገር አልችልም።"

"ገንዘቤን ስትወስዱ ግን ፈቃድ አልጠየቃችሁም!" ሳሉ አጣደፈው። ኦሌታ ክንዱን ያዘች፣ እጇን ገፋው። "ያኔ… 'አንተ ማነህ፣ ምኗ ነህ' ያለኝ ሰው አለ? የለም። ሐዋላዬን ዋጥ!"

ዴዚሬ ቀስ ብላ "የለም፣ ጌታዬ። አልጠየቅንም" አለች።

"እኔ ፈቅጃለሁ" አለች ኦሌታ። "ያናግርዎት።"

"እሺ" አለ ሆባርት፣ ትንፋሹን ሰብስቦ። "የኔን አውጡና የሷን ቁጠሩላት። በቃ፣ ሌላ አልጠይቅም።"

"የገባውን ማውጣት አንችልም። እንደገና እንዲመረመር ግን አሁኑኑ ጥያቄ አቀርባለሁ። ወራት ይፈጃል፤ ይሳካል ብዬም ቃል አልገባም። ከእንግዲህ ትርፍ ቢመጣ ወደሚቀጥለው ወር እንዳይሻገርም እዘጋዋለሁ።"

"ወራት የለንም" አለች ኦሌታ። ይህን የተናገረችው አባቷ ፊት መሆኑ የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ሆባርት ግን የሚያውቀውን ነገር እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ዴዚሬ ሌላ ነገር ጠየቀች። "በሳምንት ስንት ሰዓት ነው የሚሠሩት?"

"ሃምሳ። አንዳንዴም ከዚያ በላይ።"

"ለምን?"

"ሙሉ ሰዓት መሥራት ግዴታ ነው ተብዬ ነዋ!"

"ሠላሳ ሰዓት ይበቃል፣ ወይዘሮ ኮምብስ። አሠሪዎ ከፈቀደ በሦስት ረጃጅም ቀን ሊጨርሱት ይችላሉ። ወሩ ይቆጠርልዎታል።"

ይህን ሁሉ ዓመት ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። ኦሌታ አመሰገነቻት። ዴዚሬ ስትሰናበት ያቺ ማሽን ተመልሳ መጣችና በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደረኩ እንዲነግሯት ጠየቀች። ሆባርት የመለሰላትን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ኤስቲል እስከ ዓርብ ከአባቱ ጋር ሊቆይ መጣ፤ ኦሌታ በዚያው ማታ ወደ ከተማ ተመለሰች። ስትወጣ አልሳመችውም። ንዴቷ አልበረደም ነበር፤ መንገዱን ሙሉ መሪውን እየደበደበች ነው የነዳችው። የሚያናድዳት ደግሞ የምትጠላው ሰው ማጣቷ ነበር። ሊኩሉ ገብተው ዓይን ማጥፋት ይሉታል ይህን፤ ኩሉን በያዘው እጅ ላይ እንዴት ይጨከናል?

ረቡዕ ለአለቃዋ ነገረቻት። አለቃዋ "እስቲ የሥራ ፕሮግራሙን ልየው" አለች። ሐሙስም ያው፣ "እያየሁት ነው"። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻዋ በሽተኛ ወጥታ ኦሌታ ጓንቷን ስታወልቅ፣ አለቃዋ በበሩ ብቅ ብላ "ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀን ነሽ። ደመወዝሽም እንደዚያው ይቀንሳል" ብላ ሄደች።

ኦሌታ አባቷ ጋ ደወለች። ስልኩ መስኮቱ ደፍ ላይ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ኤስቲልም አያነሳም። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ እንዴት እንደነዳች እግዜር ይወቀው። ግቢው ስትደርስ የኤስቲል መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ፣ የጎን በሩ ተከፍቶ ቆሟል።

ሆባርት በረንዳው ላይ ነበር። ቆቡን አድርጓል፣ ጺሙን ተላጭቷል፣ ተንቀሳቃሽ ኦክስጅኑን ታቅፎ አሮጌዋን ሻንጣ እግሩ ሥር አቁሟል።

"እኔ አላስገደድኩትም" አለ ኤስቲል ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። "ውሰደኝ ያለኝ ራሱ ነው።"

"የት ልትሄድ ነው?" አለችው አባቷን።

"አንድ ዓመት ከመንፈቅ አይደል ያስከፈልኩሽ? እዚያ ሆኜ እጨርሰዋለሁ። ፈረቃ መጨረስ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም።"

"ቆብህን አውልቅ።"

"ኦሌታ…"

"አውልቅ አልኩህ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የምሠራው፣ ተፈቅዶልኛል። አራቱን ቀን እዚህ ነኝ።"

ሆባርት ወደ ኤስቲል አየ። ኤስቲል አንገቱን አከከ። "ሦስት ቀን አልችልም መቼ አልኩ? አምስት አልችልም ነው ያልኩት" አለ፤ ሄዶም የመኪናውን ሞተር አጠፋ።

"ምርመራውስ?" አለ ሆባርት። "አይሆንም ካሉሽስ?"

"እከፍላለኋ። በቀኑ፣ የጠየቁኝን ያህል። አንድ ሳንቲም ብታክልበት ግን ራሴ ነኝ መጦሪያ ቤት የምወስድህ።"

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ። ከሸሚዙ ኪስም የዚህን ወር ሐዋላ አውጥቶ ሰጣት፤ አስቀድሞ ገዝቶት ኖሯል። ኤስቲል ደግፎ ወደ ወንበሩ ወሰደው፣ ከማሽኑም ጋር አገናኘው። ማሽኑ ማጓራት ጀመረ።

ኦሌታ ሻንጣውን መኝታ ቤት አስገብታ አልጋው ላይ ከፈተችው። ሁለት ሸሚዝ፣ መላጫ፣ የእናቷ ፎቶግራፍ፣ የሱፍ ካልሲ። ከሁሉም ሥር፣ ተጣጥፎ፣ ያ ጥቁር ሙሉ ልብስ ነበር።

ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ ኮቱን አራገፈች፣ ሱሪውን በስፌቱ አስተካከለች፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ወደ ነበረበት ቦታ ሰቀለችው።

"ኦሌታ!" አለ ሆባርት ከሳሎን። "አገኘሽው?"

"አገኘሁት፣ አባዬ" አለች።